«ነበረ» የሚል ምርጫ የለም

ሥራዬ መስመር ነው።
ነጥብ ከነጥብ አያይዤ መጨረሻውን ከመነሻው እገጥማለሁ፤
ካልገጠመ ማሽኑ አይምረኝም፣
«ያልተዘጋ ቅርጽ» ይለኛል በቀይ።
ስለዚህ እዘጋለሁ።
የሰው ደጅ፣ የሰው ማሳ፣ የሰው መቃብር
በመዳፊት ጫፍ ስዘጋ እውላለሁ፣
በወረዳው ግብር ቢሮ፣ ፎቅ ሁለት፣ ከማራገቢያው ሥር።

ሰኞ ዕለት አለቃዬ ፓክ ሱጊርሞ
የዘንድሮውን የሳተላይት ምስል ይዞ መጣ።
ከአሮጌው ካርታ ላይ ስንደርበው
ሬጆታምባክ የምትባል የጃቫ ባሕር ዳር መንደር
ከቢጫ መስመሮቿ ሥር ሰማያዊ ሆና ተገኘች።
ሁለት መቶ አሥራ አራት ቁራሽ፣
ግማሹ የሩዝ ማሳ፣ ግማሹ የዓሣ ኩሬ፤
ሁሉም ባለቤት አለው፣ ሁሉም ቁጥር አለው፣
አንዱም አፈር የለው።
«እስከ ዓርብ ሰርዛቸው» አለኝ፣
«ክፍለ ሀገሩ ንጹሕ መረጃ ይፈልጋል።»
ንጹሕ!
ባሕር ያጠበውን ከዚህ ወዲያ ማን ያጠራዋል?

የሰማይ ዓይን አለኝ፣ ጣሪያ የሚቆጥር፣
ከሥሩ ያለውን ትንፋሽ የማይሰፍር፤
ውሃው ከፍ እያለ፣ አፈሩ ሲሰምጥ፣
መስመር ብቻ ቀረ፣ መሬትን የማይሰጥ።

ረቡዕ ኢቡ ማስሩራ መጣች፤
ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣
በፌስታል ደረሰኝ ይዛ፣
የአሥራ አንድ ዓመት ደረሰኝ፣ በየዓመቱ የታሰረ፣
ለባሕር የተከፈለ ግብር።
ወንበር ሰጠኋት።
«እማማ፣ ይህ እኮ ውሃ ነው፣ ማን ይክፈሉ አለዎት?»
«ወረቀቱ ይመጣልኛል፣ በስሜ።
ፖስተኛው በጀልባ ያደርሰዋል።
ስሜን የሚጠራ ሌላ ማን ቀረኝ?
ማዕበሉ ሲገባ ወለሉን ከፍ አደረግሁ፤
ሲመለስ ደግሜ፣ ሲመለስ ደግሜ፤
አሁን ቤቴ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ነው የምሄደው።
ጣሪያው አላጠረም ልጄ፣ እኔም በእርጅናዬ አልረዘምኩ።»

ማያውን ወደ እሷ አዞርኩት። ሰማያዊ ብቻ።
መነጽሯን ጠርጋ ጣቷን አሳረፈች፣
«ይሄ የውሃ ጉድጓዱ። ይሄ የኩሬው መክፈቻ።
ይሄ ደግሞ ካስቡላ፣ ባሌ፤ እግሩ ወደዚህ ነው።»
ለካ መስመሬ ሦስት ክንድ ስቷል!
አረምኩት፣
ለማንም የማይረባውን እርማት፣ በጥንቃቄ፣
ትንፋሼን ይዤ።

ከዚያ ቅጹ መጣ፦ የመሬቱ አገልግሎት?
እርሻ፣ ኩሬ፣ መኖሪያ፣ መንገድ፣ ሌላ።
ወደ ታች ወረድኩ፣ ወደ ላይ ወጣሁ፣
«ነበረ» የሚል ምርጫ የለም።
ነበረ ውስጥ እኮ ወንበር አለ፣ ኑሮም አለ፤
የነበረ ሁሉ የሆነ ቦታ ተቀምጧል።
አዲስ ሽፋን ከፈትኩ፣ ስሙንም ያው ጻፍኩለት፤
ሁለት መቶ አሥራ አራቱን አንድ በአንድ አሻገርኩ።

ዓርብ ፓክ ሱጊርሞ ከትከሻዬ በላይ ቆመ።
«ሰረዝካቸው?»
«ወደ ሌላ ሽፋን አዛወርኳቸው።»
የሽፋኑን ስም አነበበ። ትንሽ ዝም አለ።
እናቱ የየት መንደር እንደሆነች ጠይቄው አላውቅም።
«ግብሩስ?» አለ ብቻ።

ዜሮ ልለው ነበር፤ ግን ማሽኑ
ለዜሮ ወረቀት አያትምም፣ ስም አይጠራም።
አንድ ሩፒያ ጻፍኩ።

በመጋቢት ፖስተኛው በጣሪያዎቹ መሃል እየቀዘፈ
ፖስታዎቹን ያደርሳል፤ የሚመለሰው ይመለሳል።
በአንዱ ላይ፦ ማስሩራ፣ ቁራሽ ቁጥር 0417፣ ዕዳ አንድ ሩፒያ።
እሷን ለመክፈል ለጀልባው ሃያ ሺህ ታወጣለች።
ትመጣለች፣ አውቃታለሁ።
ወንበሩን ወደ ማራገቢያው አስጠግቼዋለሁ።