ሦስትና ስድስት

ቅዳሜ ከሰዓት፥ ፍኖተ ሰላም፥
የማኅበሩ ቢሮ፤ ዝናቡ አላባራም።
ሰባት ብርሌዎች በጠረጴዛው ላይ፥
ባንገታቸው ክር ነው፥ ቁጥሩ እንዲለያይ።
ማሩ ሁሉ ያንድ አገር፥ የሰከላ ጋራ፥
ከቢሳና አበባ ንብ ያቀላችው ሥራ።
ቀይ ነው ሁሉም ጠጁ፤
የሚለየው እጁ፥
ጌሾው፥ ጋኑ፥ ውኃው፥ የሌሊቱ ቅዝቃዜ፥
ማን ቸኩሎ እንዳጠለለው፥ ማን እንደሰጠው ጊዜ።

ቀማሾች አምስት ነን። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤
ለእጅ ጽሕፈቴ እንጂ ለምላሴ ማን ፈለገኝ!
አቶ ባይህ፥ ዕድሜውን ቀፎ ሲሠራ የኖረ፥
እያሸተተ ዝም የሚል፥ ጣቱ በንብ የደደረ።
ነርስ ትሁን በየመሀሉ አፏን ትጉመጠመጣለች፥
መድኃኒት እንደምትለካ ጥቂት ጥቂት ትቀዳለች።
ሻምበል እንዳላማው ብርሌውን ወደ መስኮት አንሥቶ
እንደ ተከሳሽ ያየዋል፥ አንድ ዓይኑን ዘግቶ።
ምንይችል ከግብርናው ቢሮ ቅጽ ይዞ መጥቷል፥
መዓዛ ከአሥር፥ ጥራት ከአሥር፥ «ሌላ» ለሚል ቦታ ትቷል።
ቀጂዋ አያልነሽ ናት፤ ቁጥሩን እሷ ታውቃለች፤
ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ጥጥ ትፈለቅቃለች።

አንደኛው ገና ብርዝ ነው፤ ልጅ ያስቃል እንጂ አያሰክርም።
ሁለተኛው ጌሾ በዝቶበት ምላስ ይዞ አይለቅም።
አራተኛው ጢስ ነው፥ ጋኑን በወይራ አብዝተው ያጠኑት፤
አምስተኛው ንጹሕ፤ ከንጹሕ ሌላ ምን ይሉት።
ስለ ሰባተኛው እንጃ፤ እዚያ ስደርስ ብዕሬ ፈዘዘ፥
ከመስመሩ ወጥቶ ቁልቁል ተጓዘ።

ሦስተኛው ግን፥
ባይህ እንደቀመሰው ባርኔጣውን አወለቀ፥
ጉንጩ ውስጥ ይዞ ቆየ፥ አንድ ነገር እንደጠበቀ።
«ይኼ ማር» አለ፥ «ዝናብ ሳይነካው ነው የተቆረጠ፤
እዩት፥ አይቸኩልም፤ እንደ ሽማግሌ ተቀመጠ።»
ትሁን፥ «መጨረሻው ላይ ምሬት አለው፥ የሚያምር» አለች፤
ስምንት ጽፋ ነበር፥ ሰርዛ ዘጠኝ አደረገች።
ሻምበሉ የዘጋውን ዓይን ከፍቶ «በነጻ ይለቀቅ» አለ፤
ምንይችል አሥር ጽፎ እስክሪብቶውን ጣለ።

ስድስተኛው ሲመጣ ሻምበሉ ፊቱን አጨማደደ፥
«ኮምጣጣ! ይኼስ» አለ፥ «በችኮላ የወረደ!»
ባይህ፥ ያ ዝምተኛ፥ «የረጋ ውኃ ነው» አለ፤
ምንይችል «ሌላ» ከሚለው ሥር «የጋን ሽታ» ብሎ አከለ።
እኔም ደመርኩ፦ ሦስት፥ አርባ አንድ። ስድስት፥ ዐሥራ አራት።
ከአርባ አንዱ ሥር በቀይ አሰመርኩ፥ ሁለት ጊዜ፥ በኩራት።

ያን ጊዜ አያልነሽ ጥጧን ከጭኗ አራገፈች፥
ሁለቱን ብርሌ አንሥታ ጎን ለጎን አስቀመጠች።
«ሦስትና ስድስት» አለች፥ «ከአንድ ጋን ነው የቀዳሁት፥
ባንድ ጭልፋ፥ ባንድ እጅ፤ ጠብታ አልጨመርኩበት።
አምና የኔ ጠጅ ነበር ስድስተኛ የቆመው፤
ዘንድሮ ልየው አልኩ፥ ጠጁን ነው ወይ ቦታውን፥ ሰው የሚቀምሰው?»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ተናገረ።
ሻምበሉ የስድስትን ክር ፈትቶ እንደገና አሰረ።
ትሁን ናት ቀስ ብላ፦ «ሁለት ነው ሦስትን ያጣፈጠው፤
አምስት ንጹሕ ነበር፥ ስድስትን እሱ ነው ያኮመጠጠው።»
ባይህ ሳቀ፥ ሆዱን ይዞ፥ እስኪያነባ፦
«ንብ እንኳ ባንድ ጉዞ አትቀላቅልም ሁለት አበባ!»
«አማካዩን ልጻፍ?» አለ ምንይችል፥ «ሃያ ሰባት ተኩል ይመጣል።»
ማንም አልመለሰለት፤ ሦስቱም ስድስቱም አልቋል።

በጭቃው እየዳከርኩ እቤቴ ስደርስ ማታ፥
ሃምሳ ሁለት የፈተና ወረቀት፥ ተቆልሎ ባንድ ቦታ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሳርም፥ ስንቱን ከጎበዝ ቀጥሎ የመጣ
በዚሁ ቀይ እስክሪብቶ ጣልኩት? ስንቱስ ከሰነፍ ቀጥሎ አንደኛ ወጣ?
ከላይ ያለውን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩ።
ውኃ ቀዳሁ። እንደ ትሁን፥ አፌን ተጉመጠመጥኩ።