ሦስት ብልጭታ፣ ቆም፣ ሁለት

ደንገጎ ቁልቁለት፣ ካፊያ በጣለበት፣
ከጥምዙ ማዶ አይሱዙ በቆመበት፣
ፍሬኑን ረገጥሁት።
ጎማው ቀጥ ብሎ ቀረና
ካሪና ተንሸራተተች፣ በገዛ ራሷ ጎዳና።
መሪውን ወደ ግራ ብጠመዝዘው ባዞረው
እሷ ግን ገደሉን ነበር የወደደችው።
መንገድ ሠሪ ረስቶት የሄደ የጠጠር ክምር
ባይዘን ኖሮ፣ ይህን ማን ይናገር?

በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
ወሰድኳት ጋራዥ፣ ከለገሃር ጀርባ፣ ከኒሞቹ ተርታ።
ኢፍቱ፣ የሙሜ ልጅ፤ አባቷ ባቡር ጠጋኝ የነበረ፣
ሳጥን ሙሉ መፍቻ በስሟ የቀረ።
"ምን አለች?" አለችኝ።
እኔ ስለ ካፊያው፣ ስለ ገደሉ፣ ስለ አይሱዙው ቆሜ ስዘረዝር
"አቦ! አንተን አይደለም፤ እሷ ምን አለች? እሱን ተናገር።"
"ምንም። ስድስት ዓመት ነዳኋት፤
ዳሽቦርዷ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት አይቼባት አላውቅም" አልኳት።
ኮራ ብዬ ነበር ያልኩት።

ቁልፉን አንድ ጥርስ አዞረች።
ዘይቱ በራ፣ ባትሪው በራ፣ የእጅ ፍሬኑም በራ፤
የኤቢኤስ ቦታ ብቻ ጨለማ፣ ባለቤት እንደሌለው ስፍራ።
"አየህ፣ ጤነኛ መኪና ስትነቃ ሦስት ሰከንድ ታበራዋለች፣
'አለሁ' ትልሃለች፣ ከዚያ ታጠፋዋለች።
ይሄ ግን አለሁም አላለ።
በደህና ነኝና በዝምታ መሀል ልዩነት አለ።"

ዳሽቦርዱን ፈታች። ከጌጆቹ ጀርባ
አምፖሏ ተነቅላ፣ ጉድጓዷ በጥቁር ፕላስተር ታሽጓል፤ የሻጩ ደባ።
ያ ሰውዬ፣ በልጆቹ ስም የማለልኝ፣
ለካ ችግሩን ሳይሆን ነጋሪዋን ነው ያጠፋልኝ።

ከወተት ቆርቆሮ ሌላ አምፖል መርጣ ተከለች፤
ከሞተሩ ጎን፣ ከትንሿ ሳጥን፣ ሁለት ቀዳዳ በሽቦ አገናኘች።
"በል ቁጠር።"

ብልጭ።
ብልጭ።
ብልጭ።

(ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ። የኒም ቅጠል ሞተሩ ላይ ወደቀ።)

ብልጭ።
ብልጭ።

ሃያ ሰባት ዓመት ሂሳብ አስተማርኩ፤
ቁጥር ሲናገር ያን ቀን ሰማሁ።
"ሠላሳ ሁለት" አለች፣ "የፊት ግራ ጎማ፤
ጆሮው ነው የታመመው፣ ሲዞር አይሰማ።"

ጎማውን አወለቀች። ጥርሳሙን ቀለበት በብሩሽ ፈተገች፣
የደቻቱን አሸዋ፣ የፍሬን ብናኝ፣ ዝገቱን አራገፈች፣
ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጥፍሯ ዳበሰች።
አርባ ስምንት። አንድም አልጎደለ።
ሴንሰሩን በቴስተር ለካችው፤ አንድ ሺህ ኦም፣ ልክ እንደተባለ።
"ደህና ነዋ!" አልኩ።
"ቆይ። መሪውን ወደ ግራ።"
አዞርኩ።
ቁጥሩ ከቴስተሩ ላይ ጠፋ።

ላስቲኩ አልተላጠ፣ አልተቀደደ፤
መዳቡ ነው፣ ጎማው በታጠፈ ቁጥር ታጥፎ፣ ውስጥ ውስጡን የሄደ።
እንደ እኔና ወንድሜ፦
ቀኑ ቀጥ ሲል እንነካካለን፣
መጀመሪያው ጥምዝ ላይ እንለያያለን።

አዲስ የለም። ሳቢያን ከተጣለች ሌላ ካሪና ነቅላ አመጣችልኝ።
"የት ነው የተገለበጠችው?"
"አትጠይቀኝ።"

ደቻቱ ደርቆ ነበር። አሸዋው ላይ አስገባችኝ፣
"ፍጠን፣ ፍጠን፣ አሁን ርገጥ!" ብላ ጮኸችብኝ።
ረገጥሁ። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ተንዘፈዘፈ፣
ድድድድ፣ በግ ታርዶ እንደሚራገጥ፤ ልቤ ከደረቴ አለፈ።
እግሬን ላነሳ ስል "አትልቀቅ! ሥራው እሱ ነው!"
መሪውን ወደ ግራ አልኩት፤
እሺ አለችኝ።
በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አለችኝ።

አሁን በየማለዳው ቁልፉን አንድ ጥርስ አዞርና እጠብቃለሁ።
ሦስት ሰከንድ ቢጫ።
ከዚያ ጨለማ፣
የማምነው።