የማኅደር ማኅደር

ሳስካቱን ጥር ገባ፣ ብርዱ ሠላሳ አንድ፣
መኪናዬን ሰካሁ ከግድግዳው ገመድ
ሞተሩ እንዳይሞት። ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣
ባጄን አንጠልጥዬ በሩን ከፍቼ ገባሁ።
“አስተርጓሚ” ይላል፤ በሰዓት ነው ሒሳቡ፣
መጨመር፣ መቀነስ፣ ማልቀስ አይፈቅድም ደንቡ።

አትጠገብ፣ እናቷ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣
ዓይኗን ከሐኪሟ ከንፈር ሳታላቅቅ፤
ልጅቷ አልጋው ላይ፣ በወረቀት ልብስ፣
ካልሲዋ ለየቅል፣ እግሯን ስታመላልስ።
ጉልበቷ ተልጧል፣ መረብ ኳስ ጥሏት፣
አሥራ ሰባት ሞላት፣ ቅዳሜ ግጥሚያ አላት።

ስሟ ማኅደር ነው። የሐኪሟም ፋይል
በእኛ ቋንቋ ደግሞ ማኅደር ይባላል፤
ማደሪያም ማለት ነው። ይህን ሳስብ ነበር
ዶክተር ፍሪዘን ብዕር አንስታ ስትጀምር።

ከወረቀት ጀርባ ሁለት ክብ አኖረች፣
“እንቁላል የሚያፈሩት ደህና ናቸው” አለች።
ተረጎምኩ።
“መሀሉ ግን...”
ብዕሯ መሀሉን ሳይነካው አለፈ፣
እንደ ውጪው ሜዳ ነጭ ሆኖ ተረፈ።

“ገና ሆድሽ ውስጥ ሳለች ማህፀኗ አልተሠራም፣
የበላሽው አይደል፣ ያነሳሽው ሸክም።
ከአምስት ሺህ ሴት አንዷ...” እንዳለ አሻገርኩት፤
ቁጥር አያስቸግርም፣ ቁጥርን ለመድኩት።

“የዘገየ መስሎኝ አበባዋ” አለች፣
ቦርሳዋን ከፍታ፣ ምንም ሳታወጣ፣ መልሳ ዘጋች።
“ሞዴስ ገዝቼላት፣ መሳቢያዋ ገብቶ፣
ሁለት ዓመት ሞላው፣ ሽታው ብቻ ጠፍቶ።”

አንድ ቃል አለችን። ሦስት ፊደል ብቻ ናት፣
ስንቷን ከሠርግ ቤት ከጓዳ ያስቀረቻት፣
ለመሬትም ለሴትም እኩል የምንሰጣት።
ምላሴ ሥር ይዤ ላልተፋት ስታገል
ልጅቷ ቀደመችኝ፣
በዚያ ስብርብር አማርኛዋ፣ ቀለል አድርጋ፦
“መካን ማለት ነው?”

ማንም አልመለሰ።
አትጠገብ ጣሪያውን አየች። ወለሉን አየች።
“ምን አለች?” አለችኝ ሐኪሟ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ቃል ጨምሬ አላውቅም፣ ቃል ሰርቄ አላውቅም።
“በርዷታል” አልኩ፣ በእንግሊዝኛ።

ነርሷ ከማሞቂያው ሳጥን ብርድ ልብስ አመጣች፣ ትኩስ፣
ከትከሻዋ እስከዚያ ለየቅል ካልሲዋ ድረስ ሸፈነቻት።
ማኅደር እንግሊዝኛ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለች።
አየችኝ።
ብርድ ልብሱን ወደ አገጯ ሳብ አድርጋ
“አዎ” አለች፣ “በርዶኛል።”