ረቡዕ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ

ሰኔ ነው፤ ኮፊምቫባ ሣሩ ውርጭ ለብሷል፣
ከክፍሌ መስኮት ላይ መስተዋት ተሰብሯል፤
በቦታው ካርቶን ነው።

አርባ ሦስት ልጆች፣ ዐሥራ አንድ መጽሐፍ፤
ላንዱ አራት ራስ ነው፣ ላንዱ አራት አፍ።
ከመዳፍ የምታንስ ቀጭን ሕገ መንግሥት፣
ጥጓን አይጥ የበላት፣ ሽፋን የራቃት።
በደነዘዘ ጣት፣ ጠመኔው እየከዳኝ
«አንቀጽ ዐሥራ አራት» ጻፍኩ፤ አንዱ አነበበልኝ፦
«ማንም ሰው አካሉ፣ ቤቱና ንብረቱ
እንዳይበረበር የተጠበቀ ነው መብቱ።»

«ቤት የሌለውስ?» አለ ሊታ፣ ከወደ ኋላ፣
ስድስት ሆነው የሚያድሩ፣ ከአክስቱ ቤት ጓዳ።
ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም ነበረ፤
«እንግዲያስ ቤቴ ኪሴ ነው» አለ፣ እጁን እዚያው እንደቀበረ።
አንድ ትርጉም አገኘሁ፣ ከያዝኩት የተሻለ፤
ልጽፈው ዞር ስል፣ በሩ ወለል አለ።

ርዕሰ መምህሩ ማፊካ፤ ሳያንኳኳ፣ ሰላምም ሳይል፦
«የሒሳብ መምህሩ ስልክ ጠፍቷል፤ ማንም እንዳይንቀሳቀስ ከክፍል።
ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ! ኪስ ወደ ውጭ ይገልበጥ!»
ዝም። አንድ ወንበር ብቻ ሲንቋቋ፣ አንዲት ልጅ ስትነሣ ቀጥ፤
አያካ ነበረች፤ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ያልሰማኋት፣
ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ያቀፈች፣ ከንፈሯ የደረቀባት፦
«ጌታዬ፣ የጠረጠሩት ማንን ነው? በምን ምክንያት?»

ሰውየው ሕግ ያውቃል፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፦
«ሠላሳ ስድስትን አንብቢ፤ መብት ሁሉ ገደብ አለው።»
ሠላሳ ስድስት! እኔ ለሐሙስ ነበር ያቆየሁት፤
ገደቡን ሳያዩ፣ አንድ ቀን፣ መብቱን ብቻ እንዲያዩት።

አርባ ሦስት ጥንድ ዓይን ወደኔ ዞረ።
ገደቡም ራሱ ገደብ እንዳለው፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበረ፤
ነበረ።
ግን የኮንትራቴን ወረቀት የሚያድሰው ይኸው ሰው ነው፣
የቤት ኪራይም ወሩ ሲያልቅ አንቀጽ አይጠይቅም፤ ገንዘብ ነው።
ቃሉን እንዳለ ዋጥኩት።
ጠመኔውን ጭብጤ ውስጥ ሰበርኩት።

ተፈተሹ። ሊታ ቤቱን ገለበጠው፤
አንድ ቁልፍ፣ ግማሽ እርሳስ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ማንም አላነሣው።
ከአያካ ቦርሳ ስልክ አልወጣም። የወጣው በፌስታል የታሰረ
በቆሎና ባቄላ፣ ለታናሽ ወንድሟ የተቋጠረ፤
በረፋዱ እረፍት ከታደለው፣ ከድርሻዋ ያስቀረችው።
ማፊካ በብዕር ጫፍ አንጠልጥሎ ለክፍሉ አሳየው።
ዐሥራ አምስት ዓመት ያስተማርኩት አንቀጽ ለምን እንደተጻፈ የገባኝ ያን ለት፣
በዚያ በፌስታሉ እንፋሎት።

ስልኩ ማታውን ተገኘ፤ በባለቤቱ ኮት፣
ከቀዳዳ ኪስ ሾልኮ ገበሩ ውስጥ ገብቶበት።
ይቅርታ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሐሙስ። «አያካ፣ ገደብ ምንድን ነው?» ስል ጠየቅኋት።
ተነሣች። ቆመች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ብቻ ተናገረላት።
ከዚያ፦ «ሠላሳ አምስት፤ ዝም የማለት መብት።»
«እሱ ለታሰረ ሰው ነው» አልኳት፤ ልማዴ ነው፣ ማረም።
«ታዲያ ትናንት ምን ነበርን?» አለች፤ ደግማም አልተናገረችም።
ከዐሥር ዐሥር ሰጠኋት። ቁጥሩን ስጽፍ ቀና አላልኩም።

ዓርብ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ደብዳቤ አገኘሁ፤
ባሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ፤ ቆሜ አነበብኩ፣ ተቀምጬ ደገምኩ።
ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ አርባ ሦስት ፊርማ፣
የሊታው ከሁሉ ትልቅ፣ የአያካ ግን ከጥጉ ላይ፣ እንደ ጉንዳን ዱካ ደብዛዛ።
«ክብር» የሚለውን ሦስት ቦታ፣ በሦስት ዓይነት ፊደል ጽፈውታል።
ፊደሉን ብቻ አረምኩ። ቁጣቸውን ለምን እነካዋለሁ? ልክ ነው፤ ቆሟል።

ከዚያ ከግርጌው፣ ከአርባ ሦስተኛው ስም ሥር፣
«ቶዛማ፣ መምህርት» ብዬ ጻፍኩ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።
ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን አላውቅም።
በቀይ ነው የፈረምኩት፤
ሌላ ብዕር አልነበረኝም።