ሦስተኛዋ ደረጃ

ብሔራዊ መድን ደወልኩ፣ ስለ እናቴ ጡረታ፤
«ሠላሳ ሰው ከፊትዎ አለ» አለኝ የተቀዳ ድምፅ፣ በእርጋታ።
ከዚያ ዜማ ለቀቀብኝ፤ ቀጭን፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል፣
ከበሮውን ገፈው፣ ክላርኔቱን አንቀው፣ ያስቀሩት እንደ ባዶ ቅል።

አወቅሁት።
ሁለት እርምጃ ወጣ፣ ሦስተኛው ላይ ዝም አለ፣
ከዚያ አራተኛውን ረገጠ፣ ምንም እንዳልጎደለ።

ዝምታዋን ያሳየኝ ዋልተር ብሬስላወር ነበረ፣
ቀርሜሎስ አናት ላይ፣ ከሽማግሌዎች ቤት የኖረ።
እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ባልዲ በእጄ፣ ዕብራይስጤ ስብርባሪ፤
እሱ ግማሽ ምዕት ኖሮም በጀርመን ምላስ የሚያኝከው፤ ሁለታችንም ተማሪ።

«ስሚ» ይለኛል፣ «የጻፈው ሰው ኪራይ አልከፈለም፣ ቺካጎ።
ሌሊት ሲገባ ጫማውን በብብቱ ይይዛል።
ሦስተኛዋ ደረጃ ትጮሃለች፣ አከራይቱ ትነቃለች።
ዘለላት። በዜማው ውስጥም ዘለላት።
በሰባት ዶላር ሸጠው፤ ገዥው የራሱን ስም ጻፈበት።»

«ከዚያስ?»
«ከዚያማ ናጠጠ! አሥራ ስድስት ሰው ባንድ ላይ ነፋው፤
ሊሰማ የመጣውን ባለቤቱን ግን፣ ዘበኛው በጥቁረቱ ከበር ገፋው።
በእኔ አገር ደግሞ ታገደ። እናቴ ሸክላውን ከካፖርቴ ገበር ሰፍታ
ሃምቡርግ ባቡር ጣቢያ ሸኘችኝ።
እሷ ቀረች።»

እዚህ ላይ ያስለዋል። ወይም ያሳለ ያስመስላል።

ከዚያ ሃይፋ፤ የጦርነቱ ወራት፤ መስኮቱ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ፣
የእንግሊዝ ወታደር ከየመርከቡ ፈስሶ፣
ዋልተር ሲነፋ፣ እዚያች ዝምታ ላይ ሁሉም እግሩን አንጠልጥሎ
(ለምን ያለ የለም)
ዱብ! የካፌው ብርጭቆ በሙሉ ዘልሎ።

በኋላ ግጥም ለጠፉበት፣ ለሳሙና ማስታወቂያ፤
በኋላ ለአሳንሰር፤ ዛሬ ለሰው ማቆያ።

ሃይፋ የደረጃ ከተማ ናት። ከሀዳር ሽቅብ ስወጣ
ሦስተኛዋን አልረግጥም።
ያየኝ ሰው ጉልበቷን አሟታል ይላል፤ ይበል።

አሁን ግን፣ ልክ በዚያች ባዶ ቦታ፣
«እባክዎ ይጠብቁ» ትላለች የተቀዳችው ሴት፣ ጥልቅ ብላ ገብታ።
ደረጃዋ ጮኸች። አከራይቱ ነቃች።
ጫማዬን በብብቴ ይዤ፣ ጨለማ ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

«ሃሎ? መታወቂያ ቁጥር?» አለ የሰው ድምፅ።
«አንድ ጊዜ» አልኩት፣
«ወደ ወረፋው መልሰኝ። መጨረሻውን አልሰማሁም።»