የማክሰኞ እንግዳ

«ዛሬ ሥራ የለም፤ ታይፎኑ ደረሰ፣»
ብሎ ሬዲዮኑ ወሬውን ጨረሰ።
በኪሉንግ ወደብ ላይ መርከብ ሲንገላታ፣
የጎረቤት ጣራ በረረ ባንድ አፍታ።

ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ሰዓት እኔ፣
አውቶቡስ ስነዳ መስታወት ላይ ዓይኔ፣
ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቤቴ ምን እንደሚመስል
አላውቅም። «ስኳሩስ የት ነው ያለው?» ስል፣
ሚስቴ ሹሜይ ሳቀች፤ «እንግዳ፣ ተቀመጥ፤
እኔ ላምጣው፤ አንተ ዝናቡን አዳምጥ።»

አበቦቿን ሁሉ ገንዳ ውስጥ አስገብታ፣
ታጽናናቸው ጀመር በየስማቸው ጠርታ።
አንዷን «ዓሥራ አራት» ስትላት ሰማሁኝ፤
የእኔው አውቶቡስ ቁጥር!
ቁልፌን ይዤ ቆምሁኝ።

ማታ ሬዲዮኑ «ነገ ሥራ አለ» ሲል፣
የስኳሩን ቦታ አወቅሁ፤
ማንኪያውን ለማወቅ ግን፣ ሌላ ማዕበል።