ሁለት እርሳስ

ከአቶቴ ወዲያ፣ ከቆርቆሮው ጓሮ፣
ሌዳሞ ባትሪ ይፈታል በመሮ።
አሲዱን ለቦዩ፣ ቅርፊቱን ለእሳቱ፣
ሆድ ዕቃውን በድስት ያቀልጣል በቤቱ።
መረብ የሚያሰጥም ፍሬ ያወጣበታል፤
አሞራ ገደል ላይ በደርዘን ይሸጣል።

ዱካሌ ልጁ ናት። ሰባት ሞልቷት የለ?
ጢሱ ዳር ተኝታ፣ ጢሱ ዳር ስትጫወት፣
ግራጫው ዱቄት ከጣቷ ላይ ዋለ፤
ጣቷም ከአፏ ዋለ።

ትናንት የያዘችው ፊደል ዛሬ የለም፤
«ሀ» ብላ ትነሳና «ሁ» ላይ ትቆማለች።
ሆድ ቁርጠት። ፊቷ አመድ።
«ደሟን እዩልኝ» ብላ መምህርቷ ላከች።

ሥራዬ ጠብታ ነው። መስታወት ላይ ቀብቼ
አየሁት በማጉያው አንድ ዓይኔን ዘግቼ።
ቀዩ ህዋስ ክብ ነው፣ ከላይ ሲያዩት ሐይቅ፤
የእሷ ላይ ነጥብ አለ፣ ሰማያዊ፣ ደቂቅ።
«ህዋስ» ልጽፍ ብዬ «ሀዋሳ» ጻፍኩና
ልሰርዝ ስል ተውኩት፤ ያው አንድ ናቸውና።

እርሳስ በር አይሰብርም። ያንኳኳል፣ በትህትና።
«ካልሲየም ነኝ» ይላል፣ የወተት ዘመድ መስሎ፤
ዘበኛው ይከፍታል።
ገብቶ የማያውቀው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤
ብረት ደጅ ከቀረ ደም ከየት ይቀላል?
ከዚያ አጥንት ውስጥ ጎጆ። ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ።
እሷ ስታረግዝ ነው ደግሞ የሚነሳ።

ተራዋን ስትጠብቅ አግዳሚው ላይ ሆና
ደብተሯን ዘረጋች፣ ምላሷን አውጥታ።
በጣቷ ያለው እርሳስ «ሁ»ን ሊጽፍ ይለፋል፤
በደሟ ያለው እርሳስ ላጲስ ሆኖ ያጠፋል።

ሌዳሞን ልቆጣው ወጣሁ። አፉን ሲከፍት
ድዱ ላይ ቀጭን መስመር፣ የእርሳስ፣ እንደ ደብተር።
«ዶክተር፣» አለኝ (አይደለሁም)፣
«ባትሪ የሚያመጡልኝ ሰዎች ናቸው እንጂ
እኔ ከየት አገኛለሁ?»
ዝም አልኩ።
ባለፈው ጥቅምት ከባጃጄ ወጥቶ
የሞተውን ባትሪ
በኪሎ የሸጥኩለት እኔ ነኝ፣
አሥር ብር ጨምር ብዬ ተከራክሬ።

የሚለካው መሣሪያ እዚህ ከተማ የለም፤
ነጥቦቹን ላየ ሰው ግን ጥርጥር የለም።
ቅጹ «ውጤት» ይላል። ኪሴን ብዳብሰው
እርሳስ ነው ያለኝ።
መለስኩት።
ከካርድ ክፍል ሄጄ እስክሪፕቶ ለመንኩ፤
ማንም እንዳያጠፋው ጫን አድርጌ ጻፍኩ።